የ60 ሺህ ፓውንዱ ቤት ጉዱ የቱ ጋ ነው?

ባለፈው ኅዳር ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላከልኝ። ሁለት መኝታ ያለው፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ከታች ሳሎንና ኩሽና ከላይ መኝታ የሆነ የጡብ ቤት ነው። ቦታው ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ካውንቲ ደርሃም፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ኮረብታ ላይ ያለ መንደር፤ እኔ ካለሁበት ሩቅ አይደለም። ዋጋው 60 ሺህ ፓውንድ። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ፣ ጉዱ የቱ ጋ ነው?»

አይፈረድበትም። የለንደን አማካይ ቤት ከ5 መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ በሚጠራበት አገር 60 ሺህ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቤቱን ነው። ጣሪያው ያፈስ ይሆናል፣ መሠረቱ ሰምጦ ይሆናል፣ ጎረቤቱ አስቸጋሪ ይሆናል። ሄጄ አየሁለት። ጣሪያው አያፈስም፤ ግድግዳው አልተሰነጠቀም፤ ጎረቤቷም ገና ሳንተዋወቅ ሻይ ላፍላ ያለች አሮጊት ናት። እንዲያም ሆኖ ጥያቄው ከራሴ አልወጣም። «ምንም የለበትም» ብዬ ብመልስ ዋሸሁት፤ «አለበት» ብልም ያው ነው።

ሥራው ሄዶ ቤቱ ሲቀር

የዚህ አካባቢ መንደሮች እንደ ሌላው የእንግሊዝ ገጠር በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በመቶ ዓመታት ቀስ ብለው ያደጉ አይደሉም። ኩባንያ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ለቆፋሪዎቹ ደግሞ በአንድ ጊዜ ረድፍ በረድፍ ቤት አቆመ። ለመንገዱ ስም ለማውጣት እንኳ የተጨነቀ አልነበረም፤ ሆርደን በሚባለው መንደር ውስጥ አንደኛ መንገድ፣ ሁለተኛ መንገድ እየተባለ እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠራ ሰፈር አለ። የሆርደን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1987 ተዘጋ። በ1951 በአንድ ፍንዳታ ሰበብ 83 ሰው ያለቀበት ኢዚንግተን ደግሞ በ1993። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሰው ይሄዳል፤ ቤት ግን ባለበት ይቀራል።

በምዕራብ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ቀድመው ነው ያለቁት። በዚያው በ1951 የካውንቲው አስተዳደር በልማት ዕቅዱ መንደሮቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብሎ መደባቸው። «ዲ» የደረሳቸው ከ100 በላይ ነበሩ፤ አዲስ ቤት አይሠራባቸውም፣ ገንዘብ አይፈስባቸውም፣ ቤቶቹም ሲለቀቁ ይፈርሳሉ ማለት ነበር። ነገሩ የተተወው በ1977 ነው። ዊተን ፓርክን የመሰሉት ነዋሪው ተሟግቶ በከፊል ተረፉ። ዛሬ አንዱ ረድፍ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ባዶ ሣር ሆኖ ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ታሪክ ለመተረክ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ዋጋው ስለ ቤቱ ጤንነት ከሚናገረው ይልቅ ሥራ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረው ይበልጣል፤ ነገሩን ለማስረዳት ነው። ሥራውን ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ ለምሳሌ ደርሃም ሆስፒታል ለተቀጠረ ነርስ፣ ከቤቱ በኮምፒውተር ለሚሠራ፣ ለከባድ መኪና ሾፌር፣ ቤቱ በእርግጥ ርካሽ ነው። «ሥራ እዚያው እፈልጋለሁ» ለሚል ሰው ግን ያው ቤት ውድ ይሆንበታል። ልዩነቱን በነዳጅ፣ በሰዓትና በብርድ ይከፍለዋል።

«ምጣድ ይችላል?»

ቤቱን እያየሁ ሳለ የወዳጄ ባለቤት ደወለች። ስለ ጣሪያም ስለ መሠረትም አልጠየቀችም። «አንተዬ፣ ለመሆኑ ኩሽናው ምጣድ ይችላል?» አለች። ሳቅሁ። ግን ጥያቄዋን ልመልስ ስል ቤቱን እንደ አዲስ ማየት ግድ ሆነ፤ የዚያ ቀን ጉብኝት ቁም ነገር የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው። ምጣድ የቤቱን ኤሌክትሪክ፣ የአየር ማስወጫውንና ግድግዳውን በአንድ ቀን ይፈትናል። ክፍያ ተቀብሎ ቤት የሚመረምር ባለሙያ እንኳ ሁሉንም እንዲህ አያገናኛቸውም።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። የእንግሊዝ ስፒና ውስጡ 13 አምፔር ፊውዝ አለው፤ በ230 ቮልት ሲባዛ 3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ይስባል። ሲሰካ ወይ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ወይ ፊውዙ እንደ ምንም ይዞ ሶኬቱ ግሎ መቅለጥ ይጀምራል። ጥቅልሉ ያልተፈታ የማስረዘሚያ ገመድ ከሆነማ ለእሳት አደጋ መጥሪያ ነው። ምጣድ የሚገባው ለምድጃ በተዘረጋው በ32 አምፔሩ መስመር ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ ለብቻው ትልቅ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው እሱ ነው። ሥራውን የተመዘገበ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። በዚህ ቤት መስመሩ አለ፤ የፊውዝ ሳጥኑ ግን ሽቦ የሚቀየርለት አሮጌ ዓይነት ነው፤ ሰውን ኤሌክትሪክ ሲይዘው በቅጽበት የሚያጠፋ መከላከያ የለውም። ሳጥኑን ማስቀየር ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው፤ ዋጋ ላይ ለመከራከርም ይጠቅማል።

ከዚያ እንፋሎቱ። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣው ነጭ ጭስ ውሃ ነው፤ ሠላሳ እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ሊትር የሚሞላ ውሃ ቤቱ ውስጥ ተለቋል። አዲስ አበባ ላይ በሩን ትከፍተዋለህ፣ አለቀ። እዚህ በጥር ወር በሩን ከፍቶ የሚጋግር የለም። ኩሽናው ደግሞ አየር ማስወጫ የለውም፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው የጭስ መሳቢያ አየሩን በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ወደዚያው ክፍል የሚተፋ ዓይነት ነው። ሽታና ቅባት ይቀንሳል እንጂ እርጥበት አያስወጣም።

እንፋሎቱ ታዲያ የት ይሄዳል? ሞቃት አየር ደረጃውን ወጥቶ የቤቱን ቀዝቃዛ ግድግዳ ይፈልጋል። ያንን ግድግዳ ፍለጋ ወደ ኋላ መኝታ ቤት ወጣሁ፤ ወደ ሰሜን የሚያየው እሱ ነው። ክፍሉ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ጥጉ ላይ ግን ቀለሙ ከሌላው ትንሽ የነጣ፣ ገና የሚሸት ነው፤ ማንም ሰው አንድ ጥግ ብቻ በምክንያት ካልሆነ አይቀባም። ቁም ሳጥኑን በስንዝር ሳብ ሳደርገው ከጀርባው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ወርዷል። ሻጋታ። የሽያጭ ወኪሉ «ትንሽ መስኮት መክፈት ነው» አለ። ግማሽ እውነት አለው።

እርጥበት ሦስት ነው፣ መድኃኒቱም ሦስት

ከ1919 በፊት የተሠሩት እነዚህ ቤቶች ግድግዳቸው 9 ኢንች፣ ማለትም 23 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ድፍን ጡብ ነው። እንደ ኋለኞቹ ቤቶች በሁለት ግድግዳ መሐል ክፍተት የለውም። ውጪው ሲበርድ ውስጡም ይበርዳል፤ ለዚህ ነው የሚያልበው። ሻጋታ ባየ ቁጥር «ግድግዳው ከመሬት ውሃ ይስባል» ብሎ ኬሚካል ሊወጋ የሚመጣ ኩባንያ አይጠፋም። ከመክፈል በፊት ቆም ብሎ ቦታውን ማየት ይበቃል።

ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በኮርኒሱ ጥግ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ላብ ነው። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከላይ ጀምሮ ቡናማ ካርታ የሚሠራ ከሆነ ከውጪ የገባ ነው፤ አሸንዳው ተደፍኗል ወይ መጋጠሚያው ተላቋል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ቀጥ ባለ መስመር የሚቆም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የሚያወጣ ከሆነ ያኔ ከመሬት ነው ማለት ይቻላል። ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የኋላ ግቢው ነው። ባለቤቶቹ በየዘመኑ በሲሚንቶው ላይ ሲሚንቶ ሲያፈሱ ግቢው ከፍ ይልና፣ ከመሬት የሚመጣውን ውሃ እንዲያግድ ጡቡ መሐል የተነጠፈውን ንጣፍ ያልፈዋል። መሬቱ ከንጣፉ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ረድፍ ጡብ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። መድኃኒቱ መርፌ ሳይሆን ዶማ ነው።

ሌላው በየመንገዱ የሚታይ ጥፋት የጡቡ መጋጠሚያ ነው። ድሮ በኖራ ነበር የተያያዘው፤ ኖራ ውሃ ያስወጣል። አንድ ዘመን ላይ ሁሉም በሲሚንቶ አስጠገነ። ሲሚንቶ ውሃውን ስለማያሳልፍ እርጥበቱ ጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ ውርጭ ሲመጣ ይረጋና የጡቡን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። ፊቱ የተላጠ ጡብ ብዛት ካያችሁ ባለሙያውን በኖራ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ለላቡ የሚበጀው በቁጥር የሚታወቅ ነገር ነው። የእንግሊዝ የግንባታ ደንብ ኩሽና ውስጥ ከምድጃው በላይ ከሆነ በሰከንድ 30 ሊትር፣ ሌላ ቦታ ከሆነ 60 ሊትር አየር ወደ ውጪ የሚያወጣ ማራገቢያ ይላል፤ ለመታጠቢያ ቤት 15 ሊትር። «ወደ ውጪ» የሚለው ላይ አስምሩበት። ቁም ሳጥን ከውጪ ግድግዳ አምስት ሴንቲሜትር ይራቅ። አንድ ማጠቢያ ሙሉ ልብስ ራዲያተር ላይ ሲሰጣ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ይለቃል፤ በረንዳ በሌለው ቤት ከአየሩ እርጥበት የሚመጠውን ማሽን ገዝቶ አንድ ክፍል ዘግቶ ማድረቅ ያዋጣል። አሥር ፓውንድ የማይሞላ የእርጥበት መለኪያ መኝታ ቤት ይቀመጥ፤ ቀናት ሙሉ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ሻጋታው መንገድ ላይ ነው። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እሳት አስነድዶ ማጥፋት ቆጣቢ ይመስላል፣ ግን ግድግዳው ጭራሽ አይሞቅም። ዝቅ አድርጎ ረዘም ላለ ሰዓት ማሞቅ ለእነዚህ ቤቶች ይስማማቸዋል።

በነገራችን ላይ እርሾው ራሱ ይመሰክራል። ሊጡ በሦስት ቀን ኩፍ ካላለ ኩሽናው በርዷል ማለት ነው። የሙቅ ውሃ በርሜል ያለበት ቁም ሳጥን ካለ ሊጡን እዚያ ማሳደር ነው።

ላምባ፣ ከሰልና የመብራት መጥፋት

ማስታወቂያው «ማሞቂያ አለው» ይላል። የምን ማሞቂያ? ጋዝ በቧንቧ የገባበት መንደር ከሆነ እሰየው። ከመንደሩ ጫፍ ወጣ ሲባል ግን ቧንቧው ይቀራል፤ ግቢ ውስጥ አረንጓዴ የፕላስቲክ ታንከር ካያችሁ ቤቱ የሚሞቀው በላምባ ነው። ላምባ የመንግሥት ተቆጣጣሪው በጋዝና በኤሌክትሪክ ላይ የሚጥለው የዋጋ ጣሪያ አይመለከተውም፤ ዓለም ላይ ጦርነት ሲነሳ በሳምንቱ ዋጋው ይዘላል። አንድ ሊትር 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያመጣም፤ ስለዚህ ወጪው በየወሩ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ዱብ የሚል ነው። ነዋሪው ለዚህ ዘዴ አለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የመንደሩ ሰው ትዕዛዙን ሰብስቦ አንድ ቦቴ በአንድ ቀን ያስመጣል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በበጋ የሚገዛ፣ ውርጭ ከመጣ በኋላ ከሚደውል ሰው በርካሽ ይገዛል።

ታንከሩን ፈጽሞ አታስጨርሱት። ከታች የተጠራቀመው ውሃና ዝቃጭ ወደ ማጣሪያው ይገባል፣ መስመሩም አየር ይስባል፤ አዲስ ላምባ ቢሞላም ቦይለሩ አይነሳም። ያኔ የፓምፑን ማስተንፈሻ ብሎን ፈትቶ አየሩን ማስወጣት ይጠይቃል። ቀዩን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን አይረዳም፤ ሁለቴ ሞክሮ ካልተነሳ ባለሙያ መጥራት ነው፤ ያልነደደ ላምባ ማንደጃው ውስጥ ይጠራቀማልና። ቤት ስትገዙ ታንከሩ ባለ ድርብ ግድግዳ መሆኑን፣ ከቤቱ መስኮትና በር 1.8 ሜትር፣ እሳት ከማይችል አጥር ደግሞ 760 ሚሊ ሜትር መራቁን እዩ። ይህን የማያሟላ ታንከር ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይነሳ።

አንዳንድ አሮጌ ቤት አሁንም በጠንካራ ነዳጅ የሚሠራ ምድጃ አለው፤ ማዕድን ቆፋሪ ከደሞዙ ጋር ከሰል ይሰጠው ስለነበር ከሌላው አገር ይልቅ እዚህ ዘግይቶ ነው የቀረው። ድሮ የሚነደው ተራ ከሰል ግን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ለቤት መሸጥ ተከልክሏል፤ የሚገዛው ጭስ የሌለው ፋብሪካ ሠራሽ ነው። በትንሽ መጠን የሚሸጥ እንጨትም እርጥበቱ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ይህ ነው፦ ጋዝም ሆነ ላምባ ቦይለሩ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። በኅዳር 2021 አርዌን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመታ ዊርዴል ሸለቆ ውስጥ ከሳምንት በላይ መብራት ያልመጣላቸው ቤቶች ነበሩ። አዲሱ የቤት ስልክም በኢንተርኔት ሳጥን ስለሚሠራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚነድ ምድጃ ያለው ቤት ሁለት ሺህ ፓውንድ ቢወደድም አይከፋኝም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው አብሮት ይኑር እንጂ። የመብራት ጥሪ ቁጥሩ 105 ነው። አረጋዊ፣ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት በቅድሚያ የሚታይበት ነጻ መዝገብ ስላለ ከክረምት በፊት መመዝገብ ነው።

እግር ያለው ይኖራል

አውቶቡስ አለ። እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ጉዞ ጣሪያ ከጥር 2025 ወዲህ 3 ፓውንድ መሆኑም ደግ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ፈረቃ የሚገባ የመጋዘን ወይም የሰንደርላንዱ ኒሳን ፋብሪካ ሠራተኛ ከኮረብታ መንደር በአውቶቡስ አይደርስም። እሑድ ደግሞ የመጀመሪያው አውቶቡስ እስኪመጣ ቅዳሴ ተገባዷል። ባቡሩ በአብዛኛው በ1960ዎቹ ተነቅሎ ሐዲዱ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ለእግር ሸርሸር ግሩም ነው፣ ለሥራ ግን አያደርስም። የባሕር ዳርቻዎቹ መንደሮች ይሻላሉ፤ ሆርደን በ2020 አዲስ ጣቢያ ተከፍቶለት ወደ ኒውካስልም ወደ ሚድልስብሮም በባቡር ይሄዳል። ቤት የሚፈልግ ሰው ይህቺን ጣቢያ ልብ ቢል ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ከቤቱ ይቀድማል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ያስነዳል፤ አይለወጥም። ከዚያ በኋላ የተማሪ ፈቃድ፣ ከ50 ጥያቄ 43 የሚያስመልስ የጽሑፍ ፈተና፣ ከ75 ነጥብ 44 የሚጠይቅ የአደጋ መለያ ቪዲዮ፣ ከዚያ የመንገድ ፈተና ነው። የጽሑፉ ውጤት ሁለት ዓመት ብቻ ይቆያል። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ በገጠሩ ሞልቷል፤ ቀጣሪው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው መንጃ ፈቃድ ነው። ቶው ሎውን በመሰሉ ከባሕር ጠለል 300 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጡ ከተሞች በረዶ ሲጥል ዋናው መንገድ ጨው ይረጭበታል፤ የእናንተ ቅያስ አይረጭበትም። አካፋ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ልጆች ላሉት አንድ መጽናኛ አለ። የሚመደብለት ቅርብ ትምህርት ቤት ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ2 ማይል፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ3 ማይል ከራቀ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በነጻ ያመላልሳል።

ወረቀቱ

ቤቱ ሲረክስ ባንክ ይሸሻል፤ ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ብዙ አበዳሪዎች ለጥቃቅን ብድር ዝቅተኛ ወለል አላቸው፤ 30 ሺህ ተበድሮ ቤት መግዛት 200 ሺህ ከመበደር ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ በጣም ርካሾቹ በጥሬ ገንዘብ፣ አብዛኛውን በጨረታ ይሸጣሉ። መዶሻው ሲወርድ ውሉ ታሰረ፤ 10 በመቶው እዚያው ይከፈላል፣ ቀሪው በተለመደው ጨረታ በ28 ቀን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ነው፤ የሕግ ሰነዶቹን ጠበቃ ሳያነባቸው እጅ ማውጣት አይገባም። ከኋላ መተላለፊያው ማዶ ያለችው የአትክልት ቦታ ከቤቱ ጋር የምትሸጥ ትመስላለች፣ ካርታዋ ግን ለብቻ ሊሆን ይችላል። የመሬት መዝገቡ ቅጂ 7 ፓውንድ ነው።

የማዕድን ምርመራውንም ጠበቃው ያዝዛል፤ ከቤቱ ሥር ወይም አጠገብ አሮጌ ጉድጓድ መኖሩን ያሳያል። ሪፖርቱ «ከሥር ተቆፍሯል» ቢል አትደንግጡ፣ እዚህ ያልተቆፈረበት የለም። በከሰል ቁፋሮ ምክንያት ቤት ቢሰነጠቅ የሚጠየቀው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. እስከ 2024 የከሰል ባለሥልጣን ይባል የነበረው መንግሥታዊ አካል ነው።

ለእኛ ሰው በተለይ የምለው አለኝ። 125 ሺህ ፓውንድ ድረስ ባለ ቤት ላይ ተራ ገዥ የቴምብር ቀረጥ አይከፍልም። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ በስሙ፣ ወይም በትዳር አጋሩ ስም፣ ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው፣ ዋና መኖሪያውን ሸጦ የሚተካ ካልሆነ፣ ይሄኛው «ሁለተኛ ቤት» ይባልና 5 በመቶ ይጨመርበታል። በ60 ሺህው ቤት ላይ 3 ሺህ ፓውንድ ነው። የውጭ አገር ቤት አይቆጠርም ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ። ገዝቶ ማከራየት ያሰበም፣ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ በብዙዎቹ የደርሃም መንደሮች አከራይ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው መሆኑን ይወቅ።

ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር፣ የካውንስል ታክሱም፣ አይረክስም። የግብሩ ደረጃ (ከመንደሮቹ ምደባ ጋር አይገናኝም) የተሰጠው ቤቱ በሚያዝያ 1991 ያወጣ በነበረው ዋጋ ነው፤ እነዚህ ቤቶች ከ40 ሺህ በታች ስለነበሩ «ኤ» ናቸው፣ «ዲ» ከሚከፍለው ሁለት ሦስተኛውን ይከፍላሉ። እንዲያም ሆኖ የደርሃም ክፍያ ስለሚበዛ፣ የደርሃሟ «ኤ» ቤት ለንደን መሐል ዌስትሚንስተር ካለ «ዲ» አፓርትማ የበለጠ ትከፍላለች። ሀብታም ሰፈር ትንሽ፣ ድሃ ሰፈር ብዙ የሚከፍልበት ይህ አሠራር ለእኔ ፍርደ ገምድል ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ መጠየቅ ግን አለበት።

ሰዉ

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው እዚህ ይሠራል፣ በራሱ መንገድ። ሕይወቱ ያለው ከፊት በር ሳይሆን ከኋላ ነው፤ ልብስ የሚሰጣው፣ የቆሻሻ ቅርጫት የሚወጣው፣ ወሬ የሚነገረው በኋላ መተላለፊያው ነው። የፊት በር የሚያንኳኳው ፖስተኛና ፖሊስ ነው። ቅርጫት የሚነሳው በሁለት ሳምንት አንዴ ስለሆነ ተራው የየትኛው እንደሆነ ጎረቤት ያወጣውን አይቶ ማውጣት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ያደርጋል። ባዕድ ሰው ሲገባ ያዩታል፣ ይጠይቁታል፣ አንዳንዱ የማይጠየቅ ነገር ይጠይቃል። አብዛኛው ግን ከመጠየቅ አልፎ ቅር የሚያሰኝ ነገር አይናገርም፤ ቦይለር ሲበላሽ ደግሞ መሣሪያውን ይዞ የሚመጣው ያው ጠያቂ ነው።

የሌለው የእኛ ሰው ነው። ከ2000 ወዲህ ጥገኝነት ጠያቂ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚመደብ ኒውካስል፣ ሚድልስብሮና ስቶክተን ላይ ሐበሻ ይገኛል፤ ኮረብታው መንደር ላይ ግን ከአንድ ቤት አይበልጥም። ለብቻ መኖር የከበደው ሰው ይህን ከዋጋው ላይ ይቀንስ። ወዳጄን የመከርኩትም በዚህ ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ተከራይቶ ይኑር፣ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ የምትጠልቅበትን ታኅሣሥ ይየው፣ ከዚያ ይግዛ።

እሱ ዋጋውን ሲያሰላ ባለቤቱ ግን የአትክልት ቦታውን እያሰበች ነው። በየመንደሩ ጫፍ የሚከራይ ቁራጭ መሬት አለ፤ ሙሉው መጠን 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹን መውሰድም ይቻላል፣ ተራ ይጠበቃል። የድሮ ቆፋሪዎቹ እዚያ ለውድድር ግዙፍ ባሮ ሽንኩርት ያሳድጋሉ፣ የሩጫ እርግብም ያረባሉ። ነጭ ሽንኩርት ጥቅምት ላይ ተተክሎ ሐምሌ ላይ ይነቀላል። ጎመን የዚህን አገር ብርድ ይወዳል፤ ሰኔ ላይ የተዘራው በረዶ ውስጥ ቆሞ እስከ መጋቢት ይበላል። የጫካ እርግቦቹ ግን በአንድ ጠዋት ግንዱን ብቻ ያስቀሩታል፤ መረቡ ቅጠሉን እንዳይነካ በግማሽ ሜትር ከፍታ ዘንግ ላይ ይወጠር፣ ጠርዙም በድንጋይ ይያዝ።